የባድመ ጦርነት ከምን ተነሣ? ገላጋዮቹስ ምን ሠሩ?

ስለ ኤርትራ ዜና በተሰማ ቁጥር ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ስም ይመለሳል፤ ባድመ። ጣና ዳር ቡና የሚጠጡ ጡረተኞች ያነሡታል። የባጃጁ ሹፌር ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ «ደግሞ ልንዋጋ ነው እንዴ?» ይላል። ከኋላ የተቀመጠችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን ጦርነቱ ሲያልቅ ገና አልተወለደችም። «ለአንድ መንደር ነው ያ ሁሉ ሰው ያለቀው?» ብላ ብትጠይቅ፣ በአንድ ፌርማታ ተነግሮ የሚያልቅ መልስ የለም።

ይህ ጽሑፍ ለእሷና ለመሰሎቿ ነው። ውኃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ እንደሚባለው ከሥሩ እንጀምር። ዓመቶቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ባድመ ምንድን ናት?

በመረብና በተከዜ ወንዞች መካከል ባለው ሜዳ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ተከዜ ወደ ታች ሲወርድ ሰቲት ይባላል፤ በድርድር ወረቀቶች ላይ የምናየው ስም እሱ ነው። አካባቢው የእርሻና የግጦሽ መሬት ነው። ኩናማዎችና ትግርኛ ተናጋሪዎች ይኖሩበታል። ጦርነት ያስነሣል የሚባል ነዳጅም ሆነ ማዕድን አይነገርለትም።

ጦርነቱ በባድመ ስም ይጠራ እንጂ ግንባሩ ሦስት ነበር። በምዕራብ ባድመ፣ በመሐል ዛላምበሳና ጾረና፣ በምሥራቅ ቡሬ። እዚህ ላይ ለጎጃም ሰው አንድ ማስታወሻ አለኝ። ይህች ቡሬ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ የምናውቃት ቡሬ አይደለችም። በአፋር በኩል ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ናት። ዘማች አያቱን «እኔኮ ቡሬ ነበርኩ» ሲሉ ሰምቶ «ምን ይደንቃል፣ ቅርብ ነው» ያለ ልጅ ብዙ ነው።

ድንበሩ በወረቀት ላይ ካለ መሬት ላይ ለምን ጠፋ?

ከዓድዋ ድል በኋላ ጣሊያን ኤርትራን እንደያዘች ቀረች። አፄ ምኒልክና ጣሊያን ድንበሩን በሦስት ውል ወሰኑት። የመጀመሪያው በ1892 የተፈረመው ሲሆን መሐሉን ይመለከታል፤ መረብ፣ በለሳና ሙና የሚባሉትን ወንዞች ይከተላል። ሁለተኛው የ1894ቱ ነው። የምዕራቡን ክፍል፣ ማለትም በሰቲትና በመረብ መካከል ያለውን ይወስናል። የባድመ ጣጣ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ሦስተኛው የ1900ው ነው። በአፋር በኩል ድንበሩ ከባሕሩ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ከባሕር ዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ይሂድ ይላል።

ችግሩ ሦስቱም ውሎች በአብዛኛው ወረቀት ላይ መቅረታቸው ነው። ሁለቱ ወገኖች አብረው ሄደው ምልክት ይተክላሉ ተብሎ ነበር፤ በአብዛኛው ቦታ አልተተከለም። ከዚያ ጣሊያን በ1928 አገሩን ሁሉ ስትወር የድንበሩ ነገር ትርጉም አጣ። በ1945 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች። በ1955 ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ክፍለ ሀገር ሆነች። በሁለት ክፍለ ሀገሮች መካከል ያለ ወሰን ላይ ደግሞ ማን ወታደር ያቆማል? ባድመን ለረጅም ጊዜ ያስተዳደረው የትግራይ አስተዳደር ነበር። በአንዳንድ የጣሊያን ካርታዎች ላይ ግን መስመሩ ባድመን ወደ ኤርትራ ይጥላታል። ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለኝ ሲል ባዶ እጁን አልነበረም።

ነገሩን እኛው አካባቢ ባለ ነገር ላሳያችሁ። ፎገራና ደንቢያ ላይ ጣና ከክረምት በኋላ ሲሸሽ ገበሬው ባሕር ሸሹን ይዘራል። እርጥበቱ ሳያልቅ ሽንብራውን ወይም ጓያውን ይጥልበታል። ክረምት ሲመጣ ሐይቁ ተመልሶ ሁሉንም ይውጠዋል፤ ችካሉንም ድንጋዩንም። በዓመቱ ውኃው ሲሸሽ የማን ማሳ የት ላይ እንደሚያልቅ የሚናገረው የሰዎቹ ትዝታ ብቻ ነው። ጎረቤታሞቹ ሰላም ከሆኑ ማንም ገመድ ይዞ አይለካም። አንዱ በሬውን ሲጥል ሌላው ይሸፍንለታል፤ አንድ ክንድ ወዲህ አንድ ክንድ ወዲያ ቢሆን ማንም አይቆጥረውም። በብድር ወይም በጋብቻ የተቀያየሙ ቀን ግን መጀመሪያ የሚሰማው «ድንበሬን ገፋኸኝ» የሚለው ነው። ሽማግሌ የገባ እንደሆነ ስለ ድንበሩ ብቻ ጠይቆ አይመለስም። ያስቀየማቸውን ነገር ይፈልጋል።

የኢትዮጵያና የኤርትራን ነገር በዚህ ዓይን ማየት ይጠቅማል። እናንተም ያስቀየማቸው ምን ነበር በሉ።

ታዲያ ያስቀየማቸው ምንድን ነው?

በ1983 ግንቦት ውስጥ ሻዕቢያ አሥመራን፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ያዙ። በሁለቱ ከተሞች መያዝ መካከል ያለው ልዩነት ቀናት ብቻ ነው። ሁለቱ አብረው ደርግን የተዋጉ ስለነበሩ ኤርትራ በ1985 በሕዝበ ውሳኔ ስትገነጠል አዲስ አበባ ላይ ያለው መንግሥት ወዲያው እውቅና ሰጠ። መሪዎቹ የሚተዋወቁት በጫካ ነው። ችግር ሲኖር ስልክ ይደዋወላሉ፣ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። ስለ ወደብ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ገንዘብ የተፈረሙ ስምምነቶች ነበሩ፤ ግን ስምምነቶቹን ያቆማቸው የሰዎቹ ወዳጅነት ነበር።

ወዳጅነቱም ቢሆን ሲነገርለት እንደነበረው እንከን የሌለው አልነበረም። በ1977 ሕወሓትና ሻዕቢያ ተጣልተው ግንኙነት አቋርጠው ነበር። በዚያው በረሃቡ ዓመት ሻዕቢያ ከሱዳን እርዳታ የሚገባበትን መንገድ በሕወሓት ላይ ዘጋ። ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ታረቁ፤ ቂሙ ግን ከልብ አልወጣም።

ከዚያ ገንዘቡ መጣ። ለእኔ ጦርነቱን ለመረዳት ትልቁ ቁልፍ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

እስከ 1990 መጀመሪያ ድረስ ኤርትራ የምትገበያየው በብር ነበር። በ1990 መጀመሪያ ወራት ናቅፋን አወጣች። የአሥመራ ፍላጎት ናቅፋና ብር እኩል ዋጋ ኖሯቸው በሁለቱም አገር እንዲሠሩ ነበር። አዲስ አበባ አልተስማማችም። በድንበር አካባቢ ከ2 ሺህ ብር ያልበለጠ ጥቃቅን ንግድ እንደ ድሮው ይቀጥል፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን በኤልሲና በዶላር ይሁን አለች። በዚያው ሰሞን የብር ኖቶቿንም ቀየረች፤ ኤርትራ ውስጥ የቀረው አሮጌ ብር እንደልብ ተመልሶ እንዳይገባባት ነው።

ባሕር ዳር ላይ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ኤልሲ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ሰው አያስፈልገውም። ላላወቀው ግን፣ ባንክ በመሐል ገብቶ «ዕቃው ሲላክ ክፍያውን እኔ እፈጽማለሁ» የሚልበት አሠራር ነው። ዶላር ይጠይቃል፣ ወረፋ ይጠይቃል፣ ወረቀት ይጠይቃል። ትናንት ጤፍ ጭኖ አሥመራ ገብቶ በብር ሸጦ የሚመለሰው ሰው ዛሬ ዶላር አምጣ ተባለ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ የሚመጣ እህል በጣም ያስፈልጋት ነበር። ኢትዮጵያም ከውጭ የምታስመጣውን አብዛኛውን ዕቃ የምታስገባው በአሰብ በኩል ነበር። ንግዱ ተንገዳገደ። በአንዱ ወገን «ሊያንቁን ነው» ተባለ፣ በሌላው «ሊበሉን ነው» ተባለ።

በዚሁ ላይ የካርታና የመሬት ጉዳይ ተደረበ። በ1989 ሐምሌ የኢትዮጵያ ወታደሮች በባዳ አካባቢ ዓዲ ሙሩግ የምትባል ቦታ ገቡ። ፕሬዚዳንት ኢሳያስ ለጠቅላይ ሚኒስትር መለስ በነሐሴ ደብዳቤ ጻፉ። በዚያው ዓመት የታተመ የትግራይ ካርታም አሥመራን አስቆጣ። የድንበር ጉዳይን የሚያይ የጋራ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሥራው ግን አዘገመ።

ግንቦት 4 ቀን 1990 ምን ሆነ?

መጀመሪያ ሚያዝያ 28 ቀን ባድመ አካባቢ በኤርትራ ወታደሮችና በኢትዮጵያ ታጣቂዎች መካከል ተኩስ ተከፈተ። ከኤርትራ በኩል ሰዎች ሞቱ። ይህ በሽማግሌ ሊበርድ ይችል ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ ግንቦት 4 የኤርትራ ጦር በታንክ ታግዞ ባድመን ያዘ። የኢትዮጵያ ፓርላማ በማግሥቱ ይውጡ አለ። አሥመራ የገባሁት በገዛ መሬቴ ነው አለች።

ግንቦት 28 ጦርነቱ ወደ ሰማይ ወጣ። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የአሥመራን አውሮፕላን ማረፊያ ደበደቡ። የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። ቦምቡ ዓይደር ትምህርት ቤት ላይ ወደቀ። በዚያ ቀን መቀሌ ውስጥ ከ50 በላይ ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፤ ልጆችም አሉባቸው። ሊረዷቸው የሮጡ ሰዎች በሁለተኛው ዙር ተመቱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ምሽግ ነው። ሁለት ድሃ አገሮች አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ድንበር ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር አሰለፉ። ትልልቆቹ ውጊያዎች በሦስት ዙር ተካሄዱ። በግንቦትና ሰኔ 1990፣ በ1991 ከየካቲት ጀምሮ፣ በመጨረሻም በግንቦት 1992። በሁለተኛው ዙር ኢትዮጵያ ባድመን አስለቀቀች። ዘመቻው «ፀሐይ ግባት» ይባል ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጾረና ላይ ያደረገችው ጥቃት ግን ብዙ ሕይወት አስከፍሏት ከሸፈ። በሦስተኛው ዙር ሠራዊቷ ባረንቱ ድረስ ገባ። የሞተው ሰው ስንት ነው? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት በሁለቱም ወገን ተደምሮ ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ነው። መንግሥታቱ ተማምነው ያወጡት ቁጥር የለም።

ምሽግ ያልገቡትም አልተረፉም። ኢትዮጵያ 75 ሺህ ገደማ የኤርትራ ተወላጆችን አስወጣች። ብዙዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልደው ያደጉ፣ ከአማርኛ በቀር የማይናገሩም ነበሩ። ከኤርትራም ወደ 70 ሺህ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ተባረሩ ወይም ለመውጣት ተገደዱ። ከአሥመራና ከአሰብ በአንድ ሻንጣ የተመለሱ ቤተሰቦች በብዙ ከተሞቻችን ኑሮን ከዜሮ ጀመሩ።

ዓለም ዝም ብሎ አየ?

አላየም። እንዲያውም ገላጋይ የበዛበት ጦርነት ነው ማለት ይቻላል። ጥያቄው ያ ሁሉ ገላጋይ ለምን ሁለት ዓመት ፈጀበት የሚለው ነው።

ቀድመው የደረሱት አሜሪካና ሩዋንዳ ናቸው። የአሜሪካ የአፍሪካ ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ሱዛን ራይስና የያኔው የሩዋንዳ ምክትል ፕሬዚዳንት ፖል ካጋሜ በአዲስ አበባና በአሥመራ መካከል ተመላለሱ። ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነው። ኤርትራ ከሚያዝያ 28 በፊት ወደነበረችበት ትመለስ፣ ታዛቢ ይግባ፣ ድንበሩ ይካለል። ኢትዮጵያ ተቀበለች። ኤርትራ አልተቀበለችም፤ ከገዛ መሬቴ አልወጣም ነው መልሷ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ግን በስልክ ለምነው አንድ ነገር አገኙ። ሁለቱም አውሮፕላን ልከው መደብደብ አቆሙ። ይህ እገዳ ስምንት ወር ያህል ቆየ። በእነዚያ ወራት ከተማ ውስጥ የሞተ ልጅ ካልተጨመረ፣ ከዚህ ስልክ የተነሣ ነው።

ቀጥሎ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ገባ። በ1991 መጀመሪያ ዋጋዱጉ ላይ «የማዕቀፍ ስምምነት» የሚባለውን አቀረበ። ይዘቱ ከመጀመሪያው ሐሳብ ብዙም አይርቅም። ኢትዮጵያ እሺ አለች። ኤርትራ ማብራሪያ እፈልጋለሁ አለች። በየካቲት 1991 ባድመን ስታጣ ደግሞ በቀናት ውስጥ ተቀብያለሁ አለች። አሁን በተራዋ ኢትዮጵያ አመነታች። ከሌላውም ቦታ ካልወጡ የሚል ነገር አመጣች። ዝርዝር የአፈጻጸም ሰነድ ሲዘጋጅ ኤርትራ ተቀበለች፣ ኢትዮጵያ አልቀበልም አለች። ልብ በሉ፤ በሜዳው የበላይ የሆነው ወገን ሁሌም «ቆይ» ይላል፤ የተሸነፈው ደግሞ «አሁኑኑ እንፈርም» ይላል። ገላጋዩ የሚያቀርበው ወረቀት ያው ሆኖ እሺ የሚለው ሰው ግን በየወሩ ይለዋወጣል።

የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትስ? በሰኔ 1990 የኃይል እርምጃን አወገዘ። በ1991 የካቲት ለሁለቱም መሣሪያ አትሽጡ ብሎ አገሮችን ለመነ። ልመና ስለነበር የሚያስገድድ ነገር አልነበረውም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ኢትዮጵያ ሱ-27፣ ኤርትራ ሚግ-29 ተዋጊ አውሮፕላኖችን አስገቡ። ሻጯ ለሁለቱም አንድ አገር ናት፤ ሩሲያ። አስገዳጅ የመሣሪያ ማዕቀብ የተጣለው ግንቦት 9 ቀን 1992 ነው። ባድመ ከተያዘች ሁለት ዓመት ከአምስት ቀን፣ የመጨረሻው ትልቅ ዘመቻ ከተጀመረ ደግሞ አምስት ቀን ሆኖት ነበር። ያኔ ሁለቱም የሚገዙትን ገዝተው ጨርሰዋል። እኔን የሚገርመኝ እንግዲህ ይሄ ነው። ማዕቀቡ በ1990 ክረምት ቢጣል ኖሮ ጦርነቱ ይቀር ነበር ማለት አይቻልም፤ ሰማዩ ግን እንዲያ አይጠብም ነበር።

በእርግጥ ዓለምም በዚያ ጊዜ ሌላ ሥራ ነበረው። በ1991 የምዕራቡ ዓለም ዓይን ኮሶቮ ላይ ነበር። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ጾረና አልደረሰም።

አልጀርስ ላይ የተፈረመው ምንድን ነው?

ሁለት ነገር ስለሆነ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ሰኔ 11 ቀን 1992 የተፈረመው ተኩስ ማቆሚያው ነው። ዋናው የሰላም ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ነው የተፈረመው። ያኔ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉዳዩን በአልጄሪያው ፕሬዚዳንት ቡተፍሊካ በኩል ይዞት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናንና የአሜሪካዋ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማድሊን ኦልብራይትም በቦታው ነበሩ።

በተኩስ ማቆሚያው መሠረት ኤርትራ ውስጥ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ወታደር የማይገባበት ቀጠና ተከለለ። እዚያ እስከ 4,200 የሚደርስ የሰላም አስከባሪ ጦር እንዲሰፍር ተፈቀደ።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሦስት አካላት እንዲቋቋሙ ተስማሙ። አንዱ የድንበር ኮሚሽን ነው። ሁለቱም አገር ዳኛ ይመርጣሉ፣ ኮሚሽኑ በእነዚያ ሦስት የቅኝ ግዛት ዘመን ውሎችና በዓለም አቀፍ ሕግ ይወስናል። ውሳኔው ይግባኝ የለውም። ሌላው የካሳ ኮሚሽን ነው። ሦስተኛው የጦርነቱን አነሣስ የሚያጣራ ገለልተኛ አካል ነበር፤ እሱ ሥራ ላይ አልዋለም። ማን ምን አስቦ ጀመረው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ፍርዱ ወጥቶ ለምን ዓመታት ቆመ?

የድንበር ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ወሰነ። የሚገርመው በዚያ ቀን አዲስ አበባም አሥመራም «ባድመ የእኛ ሆናለች» ብለው አወጁ። እንዴት ሊሆን ቻለ? የውሳኔው ጽሑፍ መስመሩን ያስቀመጠው በነጥቦች ነው፤ ባድመ ከመስመሩ ወዲህ ናት ወዲያ ብሎ አልጻፈም። ነጥቦቹ ካርታ ላይ ሲቀመጡ ከተማዋ ኤርትራ ውስጥ ገባች። ዛላምበሳ ለኢትዮጵያ ሆነች።

እዚህ ላይ ክለላና ማካለል ለየብቻ መሆናቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ክለላ መስመሩን በወረቀት መወሰን ነው። ማካለል ሄዶ ችካል መትከል ነው። የመጀመሪያው በ1994 አለቀ። ሁለተኛው አልተሠራም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1996 ውሳኔው ፍትሐዊ አይደለም ብላ ለተባበሩት መንግሥታት ጻፈች። በኅዳር 1997 «በመርህ ደረጃ እቀበላለሁ» አለች፤ ግን አፈጻጸሙ ላይ ንግግር ይቅደም አለች። ኤርትራ ይግባኝ በሌለው ፍርድ ላይ የምን ንግግር ነው ብላ እምቢ አለች። ከፍርድ ቤት የወጡ ባለጉዳዮች ዓይነት ነገር ሆነ፤ አፈጻጸም የሚያስፈጽም ፖሊስ ግን የለም።

የአልጀርስ ታዛቢዎች ይህን ሊያስፈጽሙ ይችሉ ነበር የሚል ክርክር አለ። አልገፉበትም። ኤርትራ ቁጣዋን ሰላም አስከባሪው ላይ አወጣች። በ1998 መጀመሪያ ሄሊኮፕተሮቹን አገደች፣ ኋላም ነዳጅ ከለከለች። ኮሚሽኑ ችካል መትከል ሲያቅተው በኅዳር 2000 ነጥቦቹን በካርታ ብቻ አስቀምጦ ሥራውን ዘጋ። ሰላም አስከባሪውም በሐምሌ 2000 ተበተነ። የቀረው «ጦርነትም ሰላምም የለም» የምንለው ዘመን ነው። ኤርትራ ወጣቶቿን ላልተወሰነ ጊዜ በውትድርና ያዘች፤ ብዙዎቹ ድንበር አቋርጠው ተሰደዱ።

በ2002 የተባበሩት መንግሥታት ኤርትራ ላይ የጣለው ማዕቀብ ከባድመ ጋር ይያያዛል የሚል ሰው ይገጥማችኋል። በቀጥታ አይያያዝም። ሶማሊያ ውስጥ ታጣቂዎችን ትደግፋለች በሚል ክስና ከጅቡቲ ጋር ባላት የድንበር ጠብ የተነሣ የተጣለ ነው።

ግንቦት 28 ቀን 2010 ኢሕአዴግ ውሳኔውን ያለ ቅድመ ሁኔታ እቀበላለሁ አለ። ቀኑን አስተውሉ። መቀሌና አሥመራ በቦምብ ከተደበደቡ ልክ 20 ዓመት። ሐምሌ 1 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሥመራ ገቡ፤ በማግሥቱ የጦርነቱ ምዕራፍ ተዘጋ የሚል መግለጫ ተፈረመ። መስከረም 1 ቀን 2011 በቡሬና በዛላምበሳ በኩል ድንበር ተከፈተ፤ ዘመዳሞች መንገድ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። በወራት ውስጥ መተላለፊያዎቹ አንድ በአንድ ተመልሰው ተዘጉ። ለምን ለተባለው በይፋ የተሰጠ በቂ ማብራሪያ አልነበረም። ችካሉም አሁንም አልተተከለም።

ካሳስ ተከፈለ?

የካሳ ኮሚሽኑ ሁለት ዓይነት ሥራ ሠርቷል። በታኅሣሥ 1998 ኤርትራ ግንቦት 4 ላይ የወሰደችው እርምጃ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር የጣሰ የኃይል አጠቃቀም ነው ብሎ ወሰነ። ልብ በሉ፤ ባድመ የኤርትራ ናት ያለው ኮሚሽንና ባድመን በጦር መያዝሽ ሕገ ወጥ ነበር ያለው ኮሚሽን የተለያዩ ናቸው። ሁለቱ ውሳኔዎች አይጣሉም። መሬቱ የአንተ ቢሆንም በታንክ አትወስደውም ነው ነገሩ። በምርኮኛ አያያዝ፣ በማባረርና በንብረት ጉዳይ ደግሞ ሁለቱም ጥፋተኛ ተብለዋል።

በነሐሴ 2001 ሒሳቡ ወጣ። ለኢትዮጵያ ወደ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ ወደ 163.5 ሚሊዮን ዶላር። ሲቻቻል ልዩነቱ 10 ሚሊዮን ገደማ ነው። ይህን ያህል ሰው ላለቀበት ጦርነት ትንሽ ይመስላል። ኮሚሽኑ ራሱ የሁለቱን ድህነት ግምት ውስጥ አስገብቷል።

የጦር ካሳ ሲከፈል ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ባሕር ዳር ላይ ሩቅ መሄድ የለበትም። ከ1939ኙ የሰላም ውል በኋላ ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንድትከፍል ተወስኖባት ነበር። ገንዘቡ በልኩ አልመጣም፤ ድርድር ቀነሰው። ከመጣው ግን የቆቃ ግድብ ተሠራበት፣ የእኛው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ተተከለበት። ፋብሪካው በ1953 ሥራ ጀመረ። የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተሠራውም በዋናነት ለእሱ ኃይል ለማቅረብ ነው። በፈረቃ ሠርተው ልጆች ያሳደጉ ስንት እናቶች አሉ፤ ደሞዛቸው የወጣው ከወረራ ካሳ በተሠራ ማሽን መሆኑን ሁሉም ላያውቁ ይችላሉ። የባድመን ካሳ በተመለከተ ግን ከአንዱ ካዝና ወደ ሌላው ገንዘብ ሲሄድ አልታየም።

አሰብስ የዚህ ጉዳይ አካል ነው?

አሁን በየቡና ቤቱ ሁለቱ ጉዳዮች ስለሚቀላቀሉ ይህን ለይቶ ማስቀመጥ ጥሩ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ኢትዮጵያ አሰብን ትታ ፊቷን ወደ ጅቡቲ አዞረች። ከዚያ ወዲህ የምንገዛው ስኳርም ሆነ ማዳበሪያ በአብዛኛው የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ግን አሰብ በአልጀርስ ስምምነት ላይ የድንበር ክርክር ሆኖ አልቀረበም። በ1900ው ውል መሠረት ከባሕሩ 60 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው ወደ ኤርትራ ስለሚወድቅ፣ ኮሚሽኑም በምሥራቅ የሠራው በዚሁ መለኪያ ነው። ከ2016 መጀመሪያ ጀምሮ በይፋ መነሣት የጀመረው የቀይ ባሕር ጥያቄ ሌላ መዝገብ ነው። ለባሕር በር የሚደረግ ድርድር በንግድ፣ በኪራይ ወይም በሌላ ዓይነት ውል ሊሄድ ይችላል፤ የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ ግን ለእሱ መልስ አይሰጥም፣ እንዲሰጥም አልተጠየቀም። ስለዚህ ዜና ላይ «የአልጀርስ ስምምነት ይፈጸም» ሲባል የሚወራው ስለ ባድመና ስለ ሌሎች የመስመሩ ቦታዎች ነው። «የባሕር በር» ሲባል ግን ያ ውል ያልነካው ጉዳይ ነው።